ስድስት መቶ ብልጭታ

አክስቴ ጆሮዋ አይሰማም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ እንድታዝኑላት አይደለም፤ የሚያዝንላት ሰው ስታይ ደሟ ይፈላል። የምነግራችሁ፣ እሱን ካላወቃችሁ የመብራቱ ነገር ስለማይገባችሁ ነው።

እትዬ ነው የምላት። በአስራ አንድ ዓመቷ ክፉኛ ታማ ነበር፤ እሷ ስትድን ጆሮዋ ሳይድን ቀረ። መናገር ቀድማ ስለለመደች ትናገራለች። ድምጿ ምን ያህል እንደሚወጣ ግን አታውቅም፤ ቢያንስ አላውቅም ትላለች። ጸጥ ባለ ቦታ ትጮኻለች፣ ማሽን በሚያጓራበት ታንሾካሹካለች። የሰውን ንግግር ከንፈሩን አይታ ትረዳለች። በዚህ ምክንያት እቤታችን ውስጥ ለራሱ ማጉረምረም የፈለገ ሰው ጀርባውን ማዞር አለበት።

የምትሠራው ካርቶን ፋብሪካ ነው። አስራ ሁለት ሴቶች በአስራ ሁለት መቁረጫ ማሽን ላይ ቆመው ይውላሉ። ማሽኑ ካርቶንና እጅ አይለይም። ስለዚህ ደንብ አላቸው። አንድ ቦታ ካርቶን ሲወተፍና መካኒኩ ሊያወጣ እጁን ሲሰድ ደወል ይደወላል፤ ደወሉ ሲጮህ ሁሉም በሦስት ሰከንድ ውስጥ ማሽናቸውን አጥፍተው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። ማሽኖቹን የሚያዞራቸው አንድ ረጅም ቀበቶ ስለሆነ አንዷ ሳታጠፋ ከቀረች የመካኒኩ ጣት አለቀለት ማለት ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እትዬን ያሠራት ደወሉ ሳይሆን ከጎኗ የምትቆመው ሴትዮ ነበረች። ደወል ሲደወል ትከሻዋን መታ ታደርጋታለች፣ እትዬ ታጠፋለች፣ አለቀ። ያቺ ሴትዮ ዘንድሮ ጡረታ ወጣች።

በሳምንቱ ፎርማኑ እትዬን ጠራት። ከአስር ቀን በኋላ ሐሙስ ዕለት የደህንነት ተቆጣጣሪ ይመጣል አላት፤ ደወል የማይሰማ ሰው ማሽን ላይ እንዳይቆም የሚል አዲስ ወረቀት ወጥቷል፤ ስለዚህ ከዚያ ወዲያ ቁርጥራጭ ከሚጠርጉት ጋር ትሆኛለሽ። እትዬ አስሩን ጣቶቿን አንድ በአንድ ቆጠረችለት። ከዚያ የእሱን እጅ ይዛ ቆጠረች። ዘጠኝ ተኩል ሆኑ። ፎርማኑ እጁን ኪሱ ከትቶ መጥረግም ክብር ያለው ሥራ እንደሆነ ያስረዳት ጀመር። እሷም ክብሩን ለራሱ እንዲያስቀረው ነገረችውና፣ ወንድሜ ደወሉን በዓይን የሚታይ አድርጎ ይሠራዋል አለችው። ወንድሟ ይህን ገና አልሰማም ነበር።

ወንድሟ ማለት አጎቴ ነው፤ ጋሼ እለዋለሁ። የፎቶ ቤቶችን ፍላሽ ይጠግናል። እኔም እሱ ዘንድ ነው የምሠራው። ከትምህርት ቤት ጋር ሰባተኛ ክፍል ላይ ተስማምተን ተለያየን፤ ትምህርት ቤቱ ከእኔ ይበልጥ ተስማምቶ ነበር።

ሱቃችን አንድ ክፍል ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ሣጥኖች። ሣጥኖቹ ላይ በጋሼ እጅ ጽሑፍ «የሚሠራ»፣ «የማይሠራ» እና «እንጃ» ተብሎ ተጽፏል። አብዛኛው እንጃ ነው።

ስለ ፍላሽ ማወቅ ያለባችሁ ትንሽ ነው። የብልጭታ ቱቦ እንደ አምፖል ቀስ ብላ አትጠጣም፤ ያገኘችውን በአንድ ትንፋሽ ነው የምትጨልጠው። ከግድግዳ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ደግሞ ያን ያህል በአንዴ መስጠት አይሆንለትም። ስለዚህ መሃል ላይ በርሜል ይቀመጣል፤ ስሙ ካፓሲተር ነው። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ከፍ ያደርገዋል፣ ዳዮዱ የገባው ተመልሶ እንዳይወጣ ይዘጋል፣ ሬዚስተሩ እንደ ቀጭን ቧንቧ ሆኖ በርሜሉን ቀስ እያለ ይሞላዋል። ሲሞላ አንዲት ትንሽ የሽቦ ጥቅልል ቱቦዋን ኮርኮር ታደርጋታለች፣ በርሜሉ በአንዴ ይደፋል፣ ጧ ይላል፣ ብርሃን ይሆናል። ከዚያ እንደገና መሙላት ነው። ሰባተኛ ክፍል ላይ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው ቢኖር ስምንተኛን አየው ነበር።

ጋሼ በዚህ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቷል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ፍላሽ ሁለት ጊዜ አብርቶ ሞክሮ አያውቅም። የፍላሽ ዕድሜ የሚቆጠረው በዓመት ሳይሆን በብልጭታ ነው ይላል፤ አንዲት ብልጭታ በከንቱ ማብራት ከደንበኛ ኪስ እንደመስረቅ ነው። ስለዚህ እኛ ሱቅ ውስጥ የተጠገነ ነገር አንድ ጊዜ ጧ ይላል፣ ጋሼ ራሱን ይነቀንቃል፣ ዕቃው ይጠቀለላል። ፎቶ አንሺዎች ቅሬታ አቅርበው አያውቁም። ፎቶ አንሺ አንዴ አብርቶ፣ አገጭሽን ቀና አድርጊ፣ ትከሻህን ዝቅ አድርግ እያለ ሲያስተካክል በርሜሉ ሦስት ጊዜ ይሞላል።

የእትዬን መብራት ጋሼ በሦስት ቀን ሠራው። ለእህቱ ስለሆነ «የሚሠራ» ከሚለው ሣጥን ውስጥ ትልቁን ካፓሲተር አወጣ፤ የስቱዲዮ ፍላሽ ውስጥ የነበረ፣ የዱቄት ወተት ጣሳ የሚያክል። ደወሉ ሲደወል በየሰከንዱ ቱቦዋን የሚኮረኩር ነገርም አበጀለት። ሁሉንም ነጭ ሣጥን ውስጥ ከቶ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ አንዴ አበራው። ሱቁ ነጭ ሆነ። ግድግዳ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ዓይኔን ስጨፍን አረንጓዴ ሆኖ ይታየኝ ነበር፤ ቀኑ ሳይቀር ይነበባል። ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። ጠቀለልነው።

ቅዳሜ ሄደን ከእትዬ ማሽን በላይ ሰቀልነው። ፎርማኑ እንሞክረው ብሎ ሴቶቹ ሁሉ ሥራ ላይ እያሉ ደወሉን ነካ።

የመጀመሪያው ብልጭታ እግዚአብሔር ፎቶ ያነሳን ይመስል ነበር። ሁለት ሴቶች ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ አንዷ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እትዬ ማሽኑን ለማጥፋት ማጥፊያውን በዳበሳ ፈለገችው፤ ከቢላው አንድ ስንዝር አለፍ ብላ። ሁለተኛው ብልጭታ የመጀመሪያው ግማሽ ሆነ። ሦስተኛው እንደ ክብሪት ነበር። አራተኛው አልመጣም። አምስተኛው አልመጣም። ስድስተኛው ላይ ቱቦዋ እንደማስነጠስ ብላ ተወችው። ደወሉ ብቻ መጮሁን ቀጠለ፤ እሱን ደግሞ እትዬ አትሰማውም።

ፎርማኑ ዓይኑን እያሻሸ፣ እስከ ሐሙስ ጊዜ አላችሁ፣ ሐሙስ እንዲህ ከሆነ ግን መጥረጊያዋን ራሴ አቀብላታለሁ አለ። እትዬ ከንፈሩን አይታዋለች። ቤታችን በር ላይ ስንደርስ፣ መንደሩ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፣ መብራታችሁ ትንፋሽ አጥሮታል አለችና ገባች።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ጥፋተኛ ፍለጋ ጀመረ። መጀመሪያ ቱቦዋ ናት አለ፤ ቀየራት። ጧ። ነጭ። ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ እናብራው አልኩት። የሃያ ሁለት ዓመቱን ነገረኝ። እንግዲያው ፋብሪካው ላይ ለምን ደከመ ስለው፣ የፋብሪካው ኤሌክትሪክ ነው፣ ማሽኖቹ ሁሉ ሲዞሩ ለመብራቱ ምን ይተርፈዋል አለ። እውነትነት ያለው ስለሚመስል ምሳ ሰዓት ድረስ አምነነው ቆየን።

ከምሳ በኋላ እኔ ነኝ ቧንቧውን ያነሳሁት። በርሜሉ ትልቅ ነው፣ ቧንቧው ቀጭን ነው፣ በአንድ ሰከንድ ይሞላል ወይ አልኩት። ጋሼ ጎንበስ ብሎ ሬዚስተሩን አየው። ከዚያ ሐሳቡ የራሱ እንደሆነ ሁሉ፣ ቧንቧውን እናሰፋዋለን አለና ሬዚስተሩን አውጥቶ ኤሌክትሪክ በብዛት የሚያሳልፍ ሌላ አስገባ። አንዴ አበራው። ጧ አለ፤ ነገር ግን ቱቦዋ መጥፋቱን ረሳችው። ብልጭታው አልፎም ሐምራዊ ሆና እየበራች ቀረች፤ ኤሌክትሪኩ እየጎረፈላት ትንፋሽ አላገኘችም። ጋሼ ራሱን ሊነቀንቅ ጀምሮ መሃል ላይ ተወው። ቀጥሎ የሆነ ነገር ሸተተ። ቀጥሎ ፊውዙ ሄደ፤ ከእኛ ጋር የጎረቤታችን የልብስ ሰፊውም መብራት ጠፋ። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ብቅ ብሎ አየን፤ ምንም ሳይናገር ተመለሰ። የሚናገር ሰው ይሻላል።

ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሼ ለምሳ ወጣ። ምሳው ሁልጊዜ ሃምሳ ደቂቃ ነው፤ ሃያው ለመብላት፣ ሠላሳው ለመተቸት። በሩን ዘግቼ አሮጌውን ሬዚስተር መለስኩ፤ ሣጥኑን አብርቼ ቁጭ አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ሱቅ ያልተደረገውን ነገር አደረግሁ። ሁለተኛዋን ብልጭታ አየሁ። ሦስተኛዋን አየሁ። አራተኛዋ አልመጣችም። ፋብሪካ የለም፣ ማሽን የለም፣ ቀበቶ የለም። እኔና በርሜሉ ብቻ ነን።

አጠፋሁት። ካፓሲተሩ ውስጥ የቀረውን በአምፖል አፈሰስኩት፤ ይህን የማያደርግ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚረሳው። ጣሳውን ነቅዬ «እንጃ» ከሚለው ሣጥን ውስጥ የኪስ ካሜራ ፍላሽ ካፓሲተር አወጣሁ፤ አውራ ጣቴን አይሞላም። ለበርሜል የቀጠነ ቧንቧ ለኩባያ ጎርፍ ነው ብዬ አሰብኩ። በየድኳትና ሣጥኑን አበራሁት።

ጠቅ አለች። ትንሽ ናት። አንድ ግድግዳ ለአፍታ የምታነጣ ያህል። ጠቅ። ጠቅ። አራተኛዋ መጣች። አስረኛዋ መጣች። ከመጀመሪያዋ አንዷም አታንስም። እርሳስ አነሳሁና በየአስሩ መስመር እየሰመርኩ መቁጠር ጀመርኩ።

አራት መቶ ሰባ ላይ ጋሼ በሩን ከፍቶ ገባ። ምን እያደረግሽ ነው አለ። ብመልስ ቁጥሩ ይጠፋብኛል፤ እጄን አንስቼ ዝም በል የሚል ምልክት አሳየሁት። ለአጎቴ ነው ያን ያሳየሁት። ወዲያው ገባኝ፤ ቁጥሩ ግን አራት መቶ ሰባ አምስት ደርሶ ነበር። ጋሼ ቦርሳውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። አራት መቶ ዘጠና ላይ ቦርሳውን አስቀመጠ። አምስት መቶ አስር ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አምስት መቶ አርባ ላይ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ እሱም እየቆጠረ ነው። ስድስት መቶ ላይ ሁለታችንም አንድ ላይ ቆምን።

«አልዘለለችም?» አለ።

«አንድም» አልኩት። ለበርሜል የቀጠነው ቧንቧ ለኩባያ ጎርፍ ነው ብዬም አስረዳሁት።

ለጥቂት ጊዜ ተስፋ አደረግሁ። ከዚያ ጋሼ ጣሳውን አየው፣ አውራ ጣት የምታክለውን አየ፣ እንደገና ጣሳውን አየው። ይህን ለእህቴ አልሰቅልም አለ። የልደት ጌጥ ይመስላል፤ ፋብሪካ ውስጥ ማን ያየዋል፤ ስሜን ምን ይሉታል። ፍላሽ ማለት ሲበራ ሰው ዓይኑን የሚጨፍንበት ነው። ቅዳሜ ዕለት ዓይኗን ጨፍና ቢላ አጠገብ ስትዳብስ አይተሃል አልኩት። አይቷል። ጠረጴዛውን ይጠርግ ጀመር። ጠረጴዛው ንጹህ ነበር።

ማታ ሣጥኑን እቤት ይዘን ሄድን። ጋሼ የምትፈርደው ባለጉዳይዋ ናት ብሎ ነው፤ ፍርዱን ግን ያውቀዋል ብሎ ይመስለኛል። እትዬ ጀርባዋን ሰጥታን ድንች እየላጠች ነበር። ከኋላዋ ሣጥኑን በጠረጴዛ ላይ አስቀመጥንና ሳንነግራት አበራነው። ጠቅ ስትል ፊቷ ያለው ግድግዳ ነጣ አለ። ቢላዋን ወዲያው አስቀምጣ ሁለት እጇን አነሳች፤ አንዱ እጇ ላይ ልጣጭ ተንጠልጥሏል። ዞረች። ጋሼ ትልቁንና ትንሹን አሳይቶ፣ ይሄኛው እንደ ፀሐይ ያበራል፣ ቶሎ ግን አይደግምም፤ ያኛው ይደግማል፣ ነገር ግን አየሽው፣ ምንም አይደል አላት። ፊቱ ምን ያህል እንደጠቆረ እሷም አይታለች።

«ፎቶ ሊያነሳኝ ነው ወይስ ሊጠራኝ?» አለችው።

ጋሼ ሊጠራሽ አለ። እንግዲያው እየደጋገመ ይጥራኝ አለችና ወደ ድንቹ ተመለሰች። ጣሳው ሳይነካ ወደ ሱቅ ተመለሰ።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪው መጣ። ረጅም ሰው ነው፤ ቢጫ የራስ ቆብ፣ አንገቱ ላይ የጆሮ መሸፈኛ፣ እጁ ላይ ወረቀት የተቆነጠጠበት ሰሌዳ። ማሽኖቹ ለእሱ ሲባል ቆመው ስለነበር አዳራሹ ጸጥ ብሏል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ እትዬ ሱሪው አጥሮታል አለች። ተቆጣጣሪው ሱሪውን አየ። ሁላችንም አየን። እውነቷን ነው። ይቅርታ ብዬ ልጀምር ስል ጋሼ ጫማዬን ረገጠው፤ ዝም ማለትም ይቅርታ ነው በሚል ዓይነት።

ተቆጣጣሪው ከእትዬ ማሽን በላይ መልሰን የሰቀልነውን ሣጥን አብሩት አለን። ጠቅ ሲል አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ይሄ ነው እንዴ መብራቱ፣ ለሰፊ አዳራሽ አያንስም ወይ ብሎ ጠየቀ። ፎርማኑ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው አለ፤ አላለም ነበር። ጋሼን አየሁት። ማክሰኞ ዕለት በእኔ ላይ የተናገረው ሁሉ አሁን በሌላ ሰው አፍ ተመልሶ መጥቶበታል። አገጩ ተንቀሳቀሰ።

ከዚያ ጋሼ ጀመረ። ፍላሽና ጥሪ የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ነገረው። ትልቅ በርሜል በቀጭን ቧንቧ በአንድ ሰከንድ እንደማይሞላ፣ ቧንቧውን ማስፋት ደግሞ ቱቦዋን መጥፋት እንደሚያስረሳት፣ ስለዚህ ያለው መንገድ በርሜሉን ማሳነስ ብቻ እንደሆነ። ብርሃኑ ዓይን ማሳወር እንደሌለበት፤ ቢላ አጠገብ የታወረ ሰው ካልሰማ ሰው እንደሚብስ። አንድ በአንድ የእኔ ቃላት ነበሩ፤ «ለኩባያ ጎርፍ ነው» የሚለው ሳይቀር። ሃያ ሁለት ዓመት የደከመበት ይመስል ነበር የሚናገረው። ተቆጣጣሪው ሰምቶ ሲያበቃ፣ መልካም፣ እናያለን አለ።

አምስት ጊዜ አስደውላለሁ አለ፤ መቼ እንደሆነ ለማንም አልነግርም። ማሽኖቹ ተነሱ። አዳራሹ ከመጮሁ የተነሳ የራሴን ሐሳብ እንኳ መስማት አቃተኝ። ሴቶቹ ፋብሪካው አምና ያደላቸውን የጆሮ መድፈኛ ጆሯቸው ውስጥ ከተቱ። ፎርማኑ ደወሉ ጋ ሆኖ የእጅ ምልክት ሲጠብቅ፣ ተቆጣጣሪው እትዬ አጠገብ ቆሞ ሰዓቱን ያዘ።

የመጀመሪያው ላይ እትዬ በአንድ ሰከንድ እጇን አነሳች። ሁለተኛው ላይ ካርቶን ልታነሳ ጎንበስ ባለችበት ነበር የተደወለው፤ ወለሉ ላይ ነጣ ሲል አይታ ተነሳች፤ ሁለት ሰከንድ። ተቆጣጣሪው ጻፈ። ከዚያ አንድ ነገር እንደከነከነው ሁሉ ሌሎቹን ሴቶች አያቸው። እትዬን ፊት ለፊት የሚያዩት ከእሷ ቀጥለው ያነሳሉ። ጀርባቸውን የሰጡት ዘግይተው ያነሳሉ። ሦስተኛውንና አራተኛውን ሲያስደውል እዚያኛው ጫፍ ሄዶ ቆመ። እዚያ ያሉት አምስት ሰከንድ፣ ሰባት ሰከንድ ፈጁ። አንዷ ጭራሽ አላነሳችም፤ ካርቶኗን እየቆረጠች ቀና ስትል ተቆጣጣሪው አፍንጫዋ ሥር ቆሞ ሰዓት ሲያይ አገኘችው። ፈገግ አለችለት።

አምስተኛው ላይ ተመልሶ መጣና ለፎርማኑ፣ እኔ እስክል ድረስ ደወሉን እንዳታቆመው አለው። ፎርማኑ የቅዳሜውን ነገር ነግሮታል ማለት ነው። እትዬ እጇን አንስታ ቆመች፤ መብራቱ ጠቅ ጠቅ ይላል። አንድ ደቂቃ። ጋሼ ከጎኔ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እኔም እቆጥራለሁ። ሁለት ደቂቃ። የእትዬ ክንዶች መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ማንም አውርጂ አላላትም። አንድ መቶ አርባ ሦስት ላይ መካኒኩ ደወሉ የቆመ መስሎት ይሁን አላውቅም፣ ቀበቶውን የሚያዞረውን ትልቁን ሞተር አስነሳው። የጣሪያው መብራት ሁሉ ደብዘዝ አለ። የእኛም ሣጥን ጠቅ ማለት የነበረበት ቦታ ላይ ምንም አላለም።

አንድ መቶ አርባ አምስተኛው መጣ። ቀጥሎም መጣ። እስከ ሁለት መቶ አርባ ድረስ ሳይዘልል ቀጠለ፤ ከዚያ ተቆጣጣሪው በቃ አለ። ማሽኖቹ ቆሙ።

ሰሌዳው ላይ አቀርቅሮ እየጻፈ፣ ሁሉም በርቷል አይደል ብሎ ጠየቀ። አላየውም ነበር፤ ያን ጊዜ ጣሪያውን እያየ ነበር። ፎርማኑም አላየም። እኔ አዎ ልል አፌን ከፍቻለሁ። እትዬ የጋሼን ከንፈር ታያለች።

«አንዱን ዘልሏል» አለ ጋሼ። «ሞተሩ ሲነሳ።»

ተቆጣጣሪው ብዕሩን አቆመ። ፎርማኑ በረጅሙ ተነፈሰ፤ እንደ አዘነ ሰው፣ ግን ብዙም ያላዘነ። ጋሼ ፊቱ ደም መሰለ። ሰው በራሱ ላይ ሲመሰክር ምን ያህል እንደሚያምር በመጽሐፍ ይጻፋል፤ አጠገቡ ቆማችሁ ስታዩት ግን ጉሮሮውን ልታንቁት ነው የሚያምራችሁ። እትዬ እጇን ገና አላወረደችም።

ቁጥር ብቻ ነው የቀረኝ። ቁጥሩን አነሳሁት።

«በየሰከንዱ ነው የሚበራው» አልኩት ለተቆጣጣሪው። «አንዱ ቢዘል ቀጣዩ በሁለተኛው ሰከንድ ይመጣል። የእናንተ ወረቀት ሦስት ይላል። እርስዎ ራስዎ እዚያ ጫፍ ሰባት ጽፈዋል።»

ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ገለጠ፣ ራሱ የጻፈውን አነበበ። ለረጅም ጊዜ አነበበ። ከዚያ ለፎርማኑ፣ እነዚህ ሴቶች ጆሯቸው ውስጥ ያለው ምንድን ነው አለው። ፎርማኑ የጆሮ መድፈኛ ነው፣ ደንቡ ያዛል አለ። ደወሉንስ በምን ይሰሙታል አለው። ፎርማኑ እስከዛሬ ይሰሙ ነበር አለ። ዛሬ ግን የእሷን እጅ እያዩ ነው የሚያነሱት አለ ተቆጣጣሪው፣ በብዕሩ እትዬን እያሳየ። እትዬ ብዕሩ ወደ እሷ ሲዞር ምን አጠፋሁ አለች፤ በጣም ጮኻ።

ወረቀቱን ጽፎ ሲጨርስ ፎርማኑ ሳይሆን እትዬ እጅ ላይ ሰጣት። ቆማ አነበበችው፤ ከንፈሯ ቀስ እያለ። በማሽን ቁጥር አራት ላይ ያለችው ሠራተኛ በመብራቱ ሥራዋን ትቀጥል ይላል። የሌሎቹ አስራ አንድ ማሽኖች ሠራተኞች የማስጠንቀቂያ ምልክቱን በተወሰነው ጊዜ ስለማይለዩ፣ ተመሳሳይ መብራት እስኪገጠምላቸው ድረስ ማሽን እንዳይነኩ። ፊርማ። ማህተም።

እትዬ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ እጥፍ አድርጋ ፎርማኑ ኪስ ውስጥ ከተተችለትና ማሽኗን አስነሳች።

አስራ አንዱ ሴቶች መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ፈረቃው እስኪያልቅ ከአዳራሹ መውጣት አይፈቀድም፤ ማሽን መንካትም አይፈቀድም፤ ደሞዙ ግን ይታሰባል። ስለዚህ የካርቶን ክምሩ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። አንዷ ጫማዋን አወለቀች። አንዷ ሹራቧን ከቦርሳዋ አውጥታ መሥራት ጀመረች። አስራ አንድ ሴቶች እግራቸውን ዘርግተው አንዲት እትዬ ስትሠራ ያያሉ። እትዬ እየቆረጠች አንዴ ዞር ብላ አየቻቸውና የሆነ ነገር አንሾካሾከች። በማሽኑ ጩኸት ምንም አልሰማንም፤ ስድብ እንደሆነ ግን ሁላችንም ገብቶናል።

ፎርማኑ ጋሼን ክንዱን ይዞ ወደ ጎን ወሰደው። አሁን ጌታዬ ይለው ጀመር። አስራ አንዱን ለመሥራት ስንት ቀን ይበቃሃል አለው። ጋሼ አፉን ከፍቶ እኔን አየ። አሁን ምኑ እንደሚከብድ ስለምናውቅ በቀን ሁለት እንደምንሠራ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

እግሯን ዘርግታ ሹራብ የምትሠራው ሴትዮ ከክምሩ ላይ ዘንበል ብላ እጅጌዬን ሳበችኝ።

«የኔ ልጅ» አለችኝ፣ «አትቸኩሉ። ሥራ በጥንቃቄ ሲሆን ነው የሚያምረው።»

ለጋሼ ነገርኩት። ጋሼ ለፎርማኑ አንድ ወር አለው።